መጋጠሚያው የማይታይ የወርቅ መደብ



ቀድሞ የሰርግ ጥሪ፣ የክርስትና ጥሪ ወይም የሙት ዓመት ማስታወቂያ የሚያስፈልገው ሰው ቃሉን በወረቀት ጽፎ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄድ ነበር፤ ጌጡንም የሚመርጥለት አታሚው ነበር። ዛሬ ግን ሥራው በብዙ ቤት ውስጥ በኮምፒዩተር ይጀመራል። ከልጆች አንዱ ጽሑፉን ያቀናብራል፤ ከጽሑፉም በስተኋላ የወርቅ ወይም የብር መልክ ያለው፣ ጌጡ በመዶሻ ተመትቶ የወጣ የሚመስል መደብ ያነጥፋል። ይህን መውደዱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ደስታንም ሆነ መታሰቢያን በክብር መልክ ማቅረብ የቆየ ልማዳችን ነውና።

ነገር ግን እንዲህ ያለው መደብ በሚገባ ካልተሠራ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው መጋጠሚያው በየቦታው እየታየ ሥራውን ሁሉ የጥድፊያ ሥራ ማስመሰሉ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ግን በላዩ የተጻፈውን ቃል መዋጡ ነው። ስለ ሆነም በዚህ ወር ጽሑፋችን መደቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሁለቱም ጉዳት እንዴት እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል ልንገልጽ አስበናል።

የቤቱን ወለል ሴራሚክ ሊያለብስ የፈለገ ሰው የወለሉን ስፋት የሚያህል አንድ ሴራሚክ አያሠራም፤ ትንንሾቹን ገዝቶ ጐን ለጐን ይደረድራል። የኮምፒዩተር መደብም እንዲሁ ነው። ወርዱ 256፣ ቁመቱም 256 ፒክሰል የሆነ አንድ ቁራጭ ሥዕል ይሠራና ኮምፒዩተሩ ራሱ እየደጋገመ ይደረድረዋል። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክሰል የሆነን ስክሪን ለመሸፈን 8 ወደ ጐን፣ 5 ወደ ታች፣ በድምሩ 40 ድግግሞሽ ይበቃል። ይህ ዘዴ በይበልጥ የተስፋፋው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ከገጽ በስተኋላ ሥዕል ማንጠፍን ከፈቀደ በኋላ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚመጣው በቀርፋፋ የስልክ መስመር ስለ ነበር፣ ትልቅ ሥዕል ከመጠበቅ ይልቅ ትንሽ ቁራጭ አንድ ጊዜ ተቀብሎ መደጋገም ትልቅ ቍጠባ ነበር።

አሳቡ ግን ከኮምፒዩተር በፊት የኖረ ነው። የብራና መጻሕፍታችንን የደጐሱትን ባለሙያዎች ሥራ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ደጓሹ በእንጨት ገበታ ላይ ቈዳ ካለበሰ በኋላ በትንንሽ የብረት ማኅተም እየተጫነ ያንኑ አንድ ምልክት ደጋግሞ በማሳረፍ ሐረጉን ይሠራል፤ መካከሉንም ለመስቀሉ ይተወዋል። አንድ ትንሽ ምልክት፣ ብዙ ድግግሞሽ፣ በመካከሉም የተከበረ ቦታ፤ እኛም ዛሬ በኮምፒዩተር የምንሻው ይህንኑ ነው።

ለሥራው የሚሆኑ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማች የጀመሩትና በ1990 ለገበያ የወጣው ፎቶሾፕ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክፍያ ይጠይቃል። ለቤተ ሰብ የምንመክረው ጊምፕ የተባለውን ነው። እርሱን በ1995 የጀመሩት በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ ሲሆኑ፣ በ1996 ለሕዝብ አቀረቡት። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊጠቀምበት፣ ለሌላም ሊያካፍለው የተፈቀደ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ወርዱና ቁመቱ 256 ፒክሰል የሆነ አዲስ ሥዕል ከፍታችሁ ጥቁር ቀለም ሙሉት። በመካከሉም ጌጡን፣ አበባም ቢሆን ሐረግ፣ በነጭ ሣሉ። ይህ ሥዕል ገና ጌጥ አይደለም፤ የከፍታ ካርታ ነው። ነጩ ከፍ ያለውን፣ ጥቁሩ ዝቅ ያለውን፣ አመድማውም በመካከል ያለውን ቦታ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። አንጥረኛ ቀጭን የብር ገበታ ከጀርባው በመዶሻ እየመታ ጌጡን ወደ ፊት እንደሚያወጣው ሁሉ፣ እኛም በነጭ ቀለም የትኛው ቦታ እንደሚመታ እናመለክታለን።

በሁለተኛ ደረጃ የማዕዘኖቹን ጌጥ እንሠራለን። የዚህ ሙያ ዋና ምስጢር ያለው በዚህ ነው። ጊምፕ ኦፍሴት የሚባል ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ ሥዕሉን ወደ ጐንና ወደ ታች ይገፋዋል፤ በቀኝ ጠርዝ የወጣው በግራ፣ በታች የወጣውም በላይ ተመልሶ ይገባል። ሥዕሉን በየአቅጣጫው በግማሹ፣ ማለት በ128 ፒክሰል ስንገፋው፣ አራቱ ማዕዘኖች መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ መካከል የነበረው አበባም ተከፍሎ ወደ ማዕዘኖቹ ይሄዳል። ተሸሽጎ የነበረው መጋጠሚያ ከዓይናችን ፊት ይቀመጣል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ አዲሱን ጌጥ በመካከል እንሥላለን፤ የተቈረጠ መስመርም ቢኖር እንቀጥለዋለን። ከዚያም ሥዕሉን በዚያው መጠን ደግመን ስንገፋው ወደ ነበረበት ይመለሳል። መካከሉን በምናርምበት ጊዜ ግን ጠርዙን እንዳንነካ መጠንቀቅ ይገባል፤ ጠርዙን ከነካን አንዱን መጋጠሚያ ስንደፍን ሌላ መጋጠሚያ እንፈጥራለንና።

በሦስተኛ ደረጃ የጌጡ አፋፍ ስለታም ሆኖ እንዳይታይ ሥዕሉን በጥቂቱ ማደብዘዝ ያስፈልጋል፤ ከነጭ ወደ ጥቁር በድንገት የሚወርድ ቀለም ገደል እንጂ ተዳፋት አይሆንም። ነገር ግን ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በዚህ ቦታ ነው። ማደብዘዝ ማለት እያንዳንዱን ነጥብ ከጐረቤቶቹ ጋር ማማከል ነው። በጠርዝ ላይ ያለው ነጥብ ግን በአንድ ወገን ጐረቤት የለውም፤ ስለዚህ የቀኙ ጠርዝና የግራው ጠርዝ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይደበዝዙና ሲጋጠሙ አይስማሙም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁራጩን 3 በ3 አድርጋችሁ ዘጠኝ ጊዜ ደርድሩ፤ ሥዕሉ ወርዱም ቁመቱም 768 ፒክሰል ይሆናል። በዚህ ላይ አደብዝዙና መካከለኛውን ቁራጭ ብቻ፣ ከግራ ከ256ኛው፣ ከላይም ከ256ኛው ፒክሰል ጀምራችሁ ቈርጣችሁ አውጡ። የመካከለኛው ቁራጭ ጠርዞች በስምንት ጐረቤቶች ተከበው ስለ ደበዘዙ ያለ ጠብ ይጋጠማሉ።

ከዚህ አንድ አጠቃላይ ደንብ ይገኛል፤ አንባቢው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ይያዝ። እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው የሚለውጥ ሥራ፣ ማለት ቀለም መቀየር፣ ማብራት ወይም ማጨለም፣ መጋጠሚያን አይጐዳም። ጐረቤትን የሚጠይቅ ሥራ፣ ማለት ማደብዘዝ፣ ማሳል ወይም ጥላ ማውጣት ግን መጋጠሚያን ያበላሻል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሥራ በኋላ ጠርዙን ደግሞ መመርመር ግድ ነው።

በአራተኛ ደረጃ ጌጡን ጐልቶ እንዲወጣ እናደርጋለን። ሌላ ንጣፍ ከፍታችሁ አመድማ ቀለም ሙሉት፤ በምፕ ማፕ የተባለውን ፊልተር ጠርታችሁም የከፍታ ካርታውን አሳዩት። ይህ ጥበብ የመጣው አሜሪካዊው ጄምስ ብሊን በ1978 ካቀረበው ጽሑፍ ነው። ብሊን የገጹን ቅርጽ ሳይለውጡ፣ ብርሃን በገጹ ላይ የሚወድቅበትን አኳኋን ብቻ በስሌት በመለወጥ፣ የተሸበሸበ ገጽ ማሳየት እንደሚቻል አስረዳ። በጊምፕ ውስጥ የብርሃኑ አቅጣጫ 135 ዲግሪ፣ ከፍታውም 45 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል ይመጣል ማለት ነው። በዚያው መስኮት ታይልድ የሚል ምርጫ አለና ምልክት አድርጉበት፤ አለዚያ ጥላው በጠርዙ ላይ ይቋረጣል።

የብርሃኑን አቅጣጫ በከንቱ አትለውጡት። የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ መገመት ልማዱ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከታች ብታደርጉት ጐልቶ የወጣው ጌጥ የተቈፈረ ጉድጓድ መስሎ ይታያል። ይህን የዓይን መታለል አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዴቪድ ሪተንሃውስ በ1786 ጽፎበታል። ያመነታ ሰው የጨረሰውን ሥዕል ገልብጦ ይመልከት፤ ጕብታው ጐድጓዳ ሲሆን ያየዋል። ጥሪው ላይ ሌላ ጥላ ያለው ጌጥ ወይም አርእስት ቢኖርም ብርሃኑ ከዚያው ወገን ይምጣ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ፀሐይ አይወጣምና።

በአምስተኛ ደረጃ የብረቱን መልክ እንሰጠዋለን። ጨርቅም ብረትም አመድማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብረትን ከጨርቅ የሚለየው በዙሪያው ያለውን ማንጸባረቁ ነው። ስለዚህ በብረት ላይ ብርሃኑና ጥላው ተቀራርበው ይፈራረቃሉ። ከርቭስ በተባለው መሣሪያ ቀጥተኛውን መስመር እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ብታደርጉት አመድማው ደረጃ ወደ ብሩህና ወደ ጨለማ ተለዋውጦ የብር መልክ ይይዛል። ማዕበሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ ቢበዛ ብረት መሆኑ ቀርቶ የተረበሸ ውኃ ይመስላል። ወርቅ የፈለገ ሰው ከለራይዝ በተባለው ትእዛዝ የቀለሙን ዓይነት ወደ ወርቃማ ብጫ ያድርገው። እውነተኛው ወርቅ ብጫ የሚመስለው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ስለዚህ ጥላው እንኳ ወደ ቡናማ ያደላል። ጥላው ጥቁር ሆኖ የቀረ መደብ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ እንጂ ወርቅ አይመስልም።

ዕድሜ የጠገበ ብረት ለማስመሰል የፈለገ ሰው ደግሞ ሶሊድ ኖይዝ በተባለው ፊልተር ደመና የመሰለ ንጣፍ አውጥቶ፣ ታይለብል የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርጎ፣ በስሱ ያልብሰው። ይህ ምርጫ ደመናው ራሱ ያለ መጋጠሚያ እንዲወጣ ያደርገዋል።

በስድስተኛ ደረጃ ፈተናው ይከተላል። ቁራጩን ብቻውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ 3 በ3 ደርድራችሁ ከስክሪኑ ጥቂት ራቁና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱት። በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ይገለጣል። አንዱ መጋጠሚያ ካለ ቀጭን መስመር ሆኖ መታየቱ ነው። ሌላው በቁራጩ ውስጥ ከሌላው ይልቅ የደመቀ አንድ ነጥብ ካለ፣ ያ ነጥብ እንደ ምስማር ራስ በየቦታው ተሰልፎ መታየቱ ነው። በአንድ ቁራጭ ላይ ያማረው ብልጭታ በ40 ድግግሞሽ ላይ ነውር ይሆናል። ስታስቀምጡትም ፒኤንጂ በተባለው የፋይል ዓይነት አድርጉት፤ ይህ ዓይነት ከሥዕሉ ምንም አይጥልም። ጄይፔግ ግን ሥዕሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች እየከፋፈለ ጥቂቱን ዝርዝር ስለሚጥል የደከማችሁበትን ጠርዝ ሊያበላሽ ይችላል።

እስከዚህ የደረሰ ሰው ቁራጩን ሠርቷል። ነገር ግን መደቡ የሚነጠፈው ቃል እንዲቀመጥበት መሆኑን መርሳት አይገባም። በአንድ ቤት የሰማነውን እንናገር። አንዲት አረጋዊት እናት በእጃቸው የደረሰውን የሰርግ ጥሪ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፥

«ልጄ፣ ሥርዓቱ በ3 ሰዓት ነው የሚለው ወይስ በ8 ሰዓት?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት።

እርሱም ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ካገላበጠ በኋላ፥ «እማዬ፣ ለእኔም አልለይ አለኝ፤ ጌጡ ከቍጥሩ ጋር ተጣብቋል፤ ደውለን እንጠይቃቸው» ሲል መለሰላቸው።

ያ ጥሪ የወርቅ ጕብታው ብሩህ፣ ቍጥሩም ቀጭን ስለ ነበር፣ አንዲት የብርሃን ቅስት የ3ን አፍ ዘግታ 8 አስመስላዋለች። በ3 ሰዓት የሚፈጸመውን ሥርዓት በ8 ሰዓት ለመድረስ የሚነሣ ዘመድ ቢኖር ጥፋቱ የማን ነው? የሙት ዓመት ማስታወቂያ በሆነ ጊዜም ኀዘኑ ይብሳል፤ የሟቹ ስም የሚነበበው በዚያች ወረቀት ላይ ነውና።

በተለይም ፊደላችን ይህን ጥንቃቄ አጥብቆ ይሻል። ሉ እና ሊ የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዷ ከወገቡ፣ ሌላዋ ከእግሩ ትወጣለች። ቢ እና ቤ የሚለያዩትም እግራቸው ላይ ያለችው ምልክት ጭረት ወይም ቀለበት በመሆንዋ ነው። ጭረት በሚመስል ጕብታ በተሞላ መደብ ላይ ፊደሉን ያኖረ ሰው ካዕቡን ሣልስ፣ ሣልሱን ኃምስ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ አራት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ጕብታውን አሳንሱ፤ የብሩሁንና የጨለማውንም ልዩነት ቀንሱ። መደብ በሹክሹክታ ሲናገር ጽሑፉ ይሰማል። ሁለተኛ፣ የቀለሙን ልዩነት በቍጥር ለኩ። የድረ ገጽ ደንቦችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2008 ባወጣው መመሪያ፣ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የብሩህነት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደልም 3 ለ1 እንዲሆን ወስኗል። የወርቅ ቀለም ተብሎ በሚታወቀው ብጫ ላይ ነጭ ጽሑፍ ቢኖር ልዩነቱ 1.4 ለ1 ብቻ ነው፤ ጥቁር ቢሆን ግን ወደ 15 ለ1 ይደርሳል። መደቡ ብሩህም ጨለማም ቦታ ስላለው፣ የሚለካው ለጽሑፉ ቀለም በጣም በቀረበው ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ብዙ በሆነ ጊዜ ደጓሾቹ ለመስቀሉ እንዳደረጉት ሁሉ መካከሉን ለጽሑፉ ተዉለት፤ ጌጥ የሌለው ለስላሳ ቦታ አዘጋጁና መደቡ በዙሪያው ብቻ ይታይ። አራተኛ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት በትክክለኛው መጠኑ አንድ ቅጂ በወረቀት አውጡ። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የተለመደ ስለ ሆነ፣ በስክሪን ላይ ሰፊ የሚመስለው የ256 ፒክሰል ቁራጭ በወረቀት ላይ 2.2 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ኤ4 ወረቀትን ለመሸፈንም 10 በ14፣ ማለት 140 ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ለወረቀት የሚሆነው ቁራጭ ከመጀመሪያው ተለቅ ብሎ ይሠራ። ደግሞም ተራው የኅትመት ቀለም አያንጸባርቅም፤ በስክሪን ላይ የበራው ወርቅ በወረቀት ላይ የሰናፍጭ መልክ ይይዛል። እውነተኛ ማንጸባረቅ የፈለገ ሰው ማተሚያ ቤቱ የብረት ቅጠል በሙቀት መጫን የሚችል መሆኑን ይጠይቅ፤ በዚያም ጊዜ ለስሙ ወይም ለአርእስቱ ብቻ ቢደረግ ይበቃል።

ያቺን የሙከራ ቅጂም በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ለገፉት ሰው ስጧቸው፤ ሳይረዷቸው ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያንብቡ። እርሳቸው ካነበቡት ሁሉም ያነብበዋል። ቆም ብለው መስኮት ፈልገው ከሆነ ግን መደቡ ገና ይስተካከል።

ወላጆችም ልጃቸው በዚህ ሥራ ሲደክም ባዩ ጊዜ ጨዋታ ነው ብለው አያሰናክሉት። ጠርዙን የሚመረምር፣ ከጨረሰ በኋላ መልሶ የሚፈትን፣ ስለሚያነብበውም ሰው የሚያስብ ወጣት ለማናቸውም ሙያ የሚበጅ ልማድ ይዟል። የሌላውን ሰው ሥራ ከኢንተርኔት አንሥቶ የራሱ አስመስሎ ከማቅረብም የራሱን አንዲት አበባ ሥሎ 140 ጊዜ መደርደር ይሻለዋል። ጥሪው የደረሰው ዘመድ ወረቀቱን ተቀብሎ ስለ ወርቁ አንዳች ሳይናገር የሙሽሮቹን ስም ጮክ ብሎ ቢያነብብ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም ሳይሳሳት ቢይዝ፣ ሠሪው ሥራው እንደ ተከናወነለት ይወቅ።